ከ‹ዲ› የሚጀምረው መዝገበ ቃላት

ፔታያን የማያውቅ ሰው በሳቫይኢ ደሴት ምዕራብ ዳርቻ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰውየውን የማያውቅ አውቶቡሱን ያውቃል፤ አውቶቡሱን ያላየ ደግሞ ጩኸቱን ሰምቷል። ‹የማዕበል እመቤት› የሚል ስም በግንባሯ የተጻፈባት፣ አካሏ ከእንጨት የተሠራ፣ በአረንጓዴና በብርቱካንማ ቀለም የተዥጎረጎረች አሮጌ አውቶቡስ ነበረች። ዘወትር ማለዳ ከቫይሶሎ መንደር ተነስታ የባሕሩን ዳር ዳር ይዛ፣ ጎደሬ የተሸከሙ ሴቶችንና ደብተር ያነገቱ ተማሪዎችን እየለቀመች ሳለሎሎጋ ወደብ ትደርሳለች። ከመርከብ የወረደውን ሰው አሳፍራ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። ቦታ ሲጠብ ሰው ሰው ጭን ላይ ይቀመጣል። ፈቃድ የሚጠይቅ የለም፤ የሚከፋውም የለም።

ፔታያ ራሱ ሆዱ መሪውን የሚነካ፣ ሲስቅ የተቀመጠበት ወንበር አብሮት የሚንቋቋ የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነበር። ከሕፃን እስከ ፓስተር የማያነጋግረው አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ነበረችበት። ፈረንጅ ተሳፍሮ በእንግሊዝኛ ሲጠይቀው ፈገግ ብሎ በጣቱ ያሳያል እንጂ ከአፉ ቃል አይወጣም።

ምክንያቱን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ መምህርት ላኑኦላ አስነስተው እንግሊዝኛ አስነበቡት። ‹አይላንድ› የሚል ቃል መጣ፤ ደሴት ማለት ነው። ይህ ቃል ሲጻፍ መሐሉ ላይ ‹ኤስ› የምትባል ፊደል ትቀመጣለች፤ ትቀመጣለች እንጂ አትነበብም። ፔታያ ይህን ከየት ይወቅ? ያየውን ሁሉ አነበበና ‹ኢስላንድ› አለ።

«ደሴት ላይ ተወልዶ ደሴት ማለት አቃተው!» ብሎ የጮኸው አብሮ አደጉ ሳካዮ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርት ላኑኦላም ፊታቸውን በመጽሐፍ ሸፍነው ሳቁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የልጁ ስም ‹ኢስላንድ› ሆኖ ቀረ፤ ልጁም የዓመቱ መጨረሻ ላይ ከትምህርት ቤት ቀረ። ሳካዮ አድጎ የሌላ አውቶቡስ ሾፌር ሲሆን፣ በየማለዳው ወደብ ላይ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ኢስላንድ! እንዴት አደርክ?» ማለቱን አልተወም። ፔታያም እየሳቀ ይመልስለታል። ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም ነበር።

መንግሥት የመኪናውን መንገድ ከቀኝ ወደ ግራ ከማዞሩ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ፔታያ አውቶቡሷን ሲያጥብ ከኋላ ወንበር ሥር አንድ ወፍራም መጽሐፍ አገኘ። ሽፋኑ የለም። ዝናብ የመታው፣ ደርቆ ያበጠ፣ ፊደሉ የጉንዳን ሰልፍ የሚመስል የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበር። የፊተኛው ክፍል ተገንጥሎ ሄዷል፤ ‹ኤ›፣ ‹ቢ› እና ‹ሲ› የሉም። የሚጀምረው ከ‹ዲ› ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ተሳፋሪውን ሁሉ «መጽሐፍ የጠፋበት አለ ወይ?» እያለ ጠየቀ። ባለቤት ጠፋ። አንድ ምሽት ከጸሎት በኋላ ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብሎ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ። የመጀመሪያው ቃል ‹ዳብል› ይላል። ትርጉሙን በጣቱ እየተከተለ፣ ያላወቀውን ቃል በሌላ ገጽ እየፈለገ፣ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶ ደረሰበት፤ አንድን ነገር ከልብ ሳይሆን ለጨዋታ ያህል መነካካት።

«ፉአቲኖ! ስሚኝማ» አለ ሚስቱን። «ለካ ለዚህም ቃል አለው።»

ፉአቲኖ ዓሣ እየጠረገች ነበር። «ለየትኛው?»

«አንቺ ጊታር እንደምትጫወቺው ዓይነት። ዳብል ይባላል።»

«አንተ ምግብ እንደምትሠራው ማለት ነዋ» አለችው ቀና ሳትል።

ፔታያ ወንበሩ እስኪንቋቋ ሳቀ። ከዚያች ምሽት ጀምሮ በየቀኑ አንድ ቃል፣ ሲመቸው ሁለት ቃል ማጥናት ጀመረ። ቃሉን ብቻውን መያዝ ግን የእሱ ጠባይ አልነበረም። አገሩን ሁሉ ጭኖ የሚሄድ ሰው የተማረውን እንዴት ብቻውን ይይዛል? አንድ ጣውላ ጥቁር ቀለም ቀባና ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ሰቀለው። በኖራ ጠመኔ ሦስት መስመር ይጽፋል። መጀመሪያ ቃሉን፣ ቀጥሎ አነባበቡን በአገሩ ቋንቋ፣ በሳሞኛ ፊደል፣ ከሥር ትርጉሙን።

ሕጉም ቀላል ነበር። የሚሳፈር ሰው ቃሉን ጮክ ብሎ ይላል፤ ከዚያም በሳሞኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስገባዋል። ከሁሉ አሳምሮ ያስገባው፣ መንገዱን ሁሉ የሚሰማውን ዘፈን ይመርጣል። ሕዝቡ ለዘፈን ምርጫ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ምን ዓይነት ግርግር እንደተነሳ ለመገመት አይቸግረውም። ‹ግሪገሪየስ› በተጻፈ ቀን፣ ከሰው ጋር ካልሆነ የማይሆንለት ማለት ነው፣ አንዲት ተማሪ «አያቴ ግሪገሪየስ ስለሆነ ለአንድ እሽግ ጨው ሦስት ሱቅ ይሄዳል» ብላ አሸነፈች። ‹ኢንተርሚተንት› በተጻፈ ጊዜ፣ መጣ ሄድ የሚል ማለት ነው፣ «የሳካዮ ፍሬን!» ብለው የጮኹት ቲና ሳሎሜ ነበሩ፤ ያን ቀን ሌላ ሰው መሞከሩንም ተወው።

ቲና ሳሎሜ የስድሳ ሰባት ዓመት ሴት ናቸው። ቲና ማለት እናት ነው፤ በእሳቸው ዕድሜ ያለችውን ሁሉ እንዲያ ይሏታል። ኮኮዋ ቆልተውና ወቅጠው ሳለሎሎጋ ገበያ ይሸጣሉ። ከእንግሊዝኛ ‹የስ› እና ‹ኖ› ብቻ ነበር የሚያውቁት፤ በነገር ግን የሚስተካከላቸው አልነበረም። ከአምስት ቀን አራቱን ያሸንፋሉ፤ ባሸነፉ ቁጥር የሚመርጡት መዝሙር ነው፤ ተማሪዎቹ አንድ ላይ ያቃስታሉ።

ፉአቲኖ ራሷ አንድ ቀን ወደ ገበያ ስትሄድ ተሳፈረች። ሰሌዳው ላይ ‹ፕሮክራስቲኔት› ተጽፏል፤ ዛሬ መሠራት ያለበትን ነገ ነገ እያሉ ማስተላለፍ። ቀስ ብላ አነበበችው። ከዚያ ወደ ተሳፋሪው ዞራ «የኩሽናችን ጣሪያ!» አለች። አውቶቡሷ በሳቅ ተናወጠች። ያን ሳምንት ቅዳሜ ፔታያ ጣሪያ ላይ ነበር፤ ፉአቲኖ ከታች ምስማር እያቀበለች ቃሉን ክፍል በክፍል ታስጠናዋለች።

እንዲህ ባለ ደስታ ስምንት ወር አለፈ። መምህርት ላኑኦላ ወደ መንደሩ የተመለሱት ያኔ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ አፒያ ከተማ ሴት ልጃቸው ዘንድ አሥር ዓመት ተቀምጠው፣ «የከተማ ጎደሬ እንጨት እንጨት ይላል» ብለው የወንድማቸው ቤት ገቡ። አንድ ሐሙስ ማለዳ በትራቸውን ይዘው መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን አነሱ። ፔታያ አውቶቡሷን አቆመ። ወርዶ ደግፎ አሳፈራቸው፤ ወጣቶቹ የፊተኛውን ወንበር ለቀቁላቸው።

ሰሌዳው ላይ የሰፈረው ቃል ረቂቅ፣ ቶሎ ለዓይን የማይገባ ማለት ነው። ፔታያ አነባበቡን ‹ሳብትል› ብሎ ጽፎታል። ከመምህርቷ ኋላ የገባች ዓሣ ሻጭ «ሳብትል!» አለች። ቀጥሎ የገባው ጎረምሳ «ሳብትል!» አለ። መምህርት ላኑኦላ መነጽራቸውን አወረዱ።

«ፔታያ» አሉ፣ በዚያ ክፍል ሙሉ ልጅ ዝም በሚያሰኘው ድምፃቸው። «ያቺን ‹ብ› ከየት አመጣሃት?»

«ተጽፋለች እኮ፣ መምህርት።»

«ትጻፋለች፤ አትነበብም። ‹ሳትል› ነው የሚባለው።»

 ከኋላ አንዱ፣ ክፋት አስቦም አይደለም፣ አፉ አምልጦት «እንደ ኢስላንድ!» አለ።

ሳቁ እንደ ማዕበል መጣ።  ፔታያ ሙዚቃውን እስከ ጥግ ከፈተና ነዳ። ወደብ ሲደርስ ጣውላውን አውርዶ ከወንበሩ ሥር ከተተው።

ዘጠኝ ቀን ሰሌዳው ሳይሰቀል አለፈ። ሰዉ ተሳፍሮ ባዶውን ቦታ እያየ ይቀመጣል። ሙዚቃውን ፔታያ ራሱ ይመርጣል፤ የሚመርጠውም የሐዘን ነው። በአሥረኛው ቀን ቲና ሳሎሜ በሩ ላይ ቆመው አልገባም አሉ።

«ቃሌን አምጣ» አሉት።

«ቲና፣ ሰው ይጠብቃል፤ ይግቡ።»

«ይጠብቅ! ስምንት ወር ሙሉ ማለዳ ማለዳ አንድ ቃል ስታጎርሰኝ ከርመህ አሁን ጦሜን ልታሳድረኝ ነው? ሳብትልም ይሁን ሳትል፣ የራስህ ጉዳይ። ቃሌን!»

«አልቋል፣ ቲና።»

«ያን የሚያህል መጽሐፍ? ምን በላው?»

ማታ ቤት ሲገባ ፉአቲኖ ነገሩን ከአራት ሰው ሰምታ ጨርሳለች። ከፊቱ ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አንተ ይህን የምታህል ሰው፣ አንዲት የማትሰማ ‹ብ› ጣለችህ?»

«አላየሽም እንዴት እንደሳቁ።»

«እኔም እስቅ ነበር። ስለ ጣሪያው ስንስቅብህ ወጥተህ ሠራኸው እንጂ ጣሪያውን አላፈረስከውም። አነባበቡን የምታውቅ ሴት ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ተቀምጣለች። ይሄው ጎደሬ፣ ይሄው ሁለት የቆርቆሮ ሥጋ። ሂድ።»

ሄደ። ንጹሕ ሽርጥ ታጥቆ፣ ጎደሬውን ተሸክሞ መምህርት ላኑኦላ ደጃፍ ደረሰ። ገብቶ ምንጣፍ ላይ እግሩን አጥፎ ተቀመጠ። አሮጊቷ ማራገቢያቸውን እያወዛወዙ አዩት። ፔታያ ንግግር አዘጋጅቶ ነበር የመጣው፤ ግማሹ ጠፋበት።

«መምህርት፣ ቃሎቹን አገኛቸዋለሁ። ትርጉማቸውን አገኘዋለሁ። ድምፃቸውን ግን ወረቀት አይነግረኝም። ያስተምሩኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ስለዚያ ስለ ‹አይላንድ› ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት ያልክ መስሎኝ ነበር» አሉ።

ፔታያ ደነገጠ። «እኔ? እርስዎን?»

«አይደለም፤ እኔ አንተን። አፌ ዞሮብኝ ነው፣ ተቀመጥ።» ማራገቢያውን አስቀመጡ። «ያን ቀን መሳቅ አልነበረብኝም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አስታውሰዋለሁ። ልጅ አልነበርኩም፤ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ሳቅ አመለጠኝ። አንተም አመለጥከኝ።»

 ፔታያ ምንጣፉን በጣቱ ይነካካ ጀመር። መምህርቷም ነገሩ እንዳይከብድ ይሁን ወይም ለዘመናት ሲያንቃቸው ኖሮ፣ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ።

«አሁን አንድ ምሥጢር እነግርሃለሁ። ለሚስትህ እንኳ አትንገር። ዋነኛ ምሳሌ፣ ልክክ ያለ መገለጫ ማለት የሆነ አንድ ቃል አለ፤ ‹ኢፒተሚ› ይባላል። ታውቀዋለህ?»

«‹ኤፒቶም› ማለትዎ ነው? እርስዎ ነዎት እኮ ያስተማሩን።»

«ይኸውልህ!» ጭናቸውን መቱ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ኤፒቶም› እያልኩ አስተማርኩ! ከዚያ አፒያ ላይ የመምህራን ስብሰባ ተደረገ። ስድሳ መምህር፣ ሦስት ፈረንጅ፣ አንድ ሚኒስትር። ተነስቼ በኩራት ‹የቫይሶሎ ተማሪ የትጋት ኤፒቶም ነው› አልኩ። ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እግር መምህርት ወደ ጎረቤቷ ዞራ ‹ቶም ማነው?› አለቻት።»

ፔታያ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነከሰ።

«ሳቅ፣ ሳቅ! ያም ሆኖ እስከ ዛሬ እዚህ መንደር ያለ ሰው ሁሉ ‹ኤፒቶም› ነው የሚለው። ፓስተሩ ባለፈው እሑድ ‹ሰሎሞን የጥበብ ኤፒቶም ነው› ሲል ወንበሬ ውስጥ ልሰምጥ ነበር። እኔ ነኛ ያስተማርኩት!»

ከዚህ በኋላ ሁለቱም መቆም አልቻሉም። የወንድማቸው ሚስት ሰው የሞተ መስሏት ከጓሮ እየሮጠች ብትመጣ፣ አንድ ግዙፍ ሾፌርና አንዲት አሮጊት እንባቸውን እየጠረጉ «ቶም! ቶም!» ሲባባሉ አገኘቻቸው።

ከማግስቱ ጀምሮ የፊተኛው ወንበር የመምህርት ላኑኦላ ሆነ። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሥራ ኖራቸውም አልኖራቸውም፣ እስከ ወደብ ሄደው ይመለሳሉ። ሰሌዳው ተሰቀለ። ፊደል እያዩ ማንበብ ቀርቶ በጆሮ መስማት መጣ። የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ አንድ ጠንከር ተብሎ የሚረገጥ ቦታ አለው፤ ያን ቦታ ከሳቱት ሰሚው አይገባውም ይሉ ነበር። በበትራቸው የአውቶቡሱን ወለል ይመታሉ፤ ላላ፣ ላላ፣ ጠበቅ፣ ላላ። አውቶቡሱ በሙሉ በእጁ ጭኑን እየመታ ይከተላቸዋል። ‹ኢንተርሚተንት›ን ሦስተኛው ክፍል ላይ ይጥበቅ ብለው አንድ ሳምንት አስመቱት። ከ‹ዲ› በፊት ያሉት ፊደሎች ጉዳይ ሲነሳ ግን «እነሱን ከተሳፋሪ ለምን» አሉት፤ ተሳፋሪውም ከትምህርት ቤት ዘመኑ ያስታወሰውን አንድ አንድ ቃል እያመጣ ይሰጠው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ከዕለታት አንድ ሰኞ፣ ቲና ሳሎሜ ተሳፍረው ቃሉን ሳይሉ አለፉ። ፔታያ በመስተዋቱ አያቸው። ቀኝ ጎናቸውን ይዘው፣ ከንፈራቸው ነጥቶ፣ ላብ በላብ ሆነዋል።

«ቲና፣ ምን ሆኑ?»

«ንዳ ዝም ብለህ» አሉ። ወዲያው ደግሞ ሕመሙ አጥፎ ያዛቸው፤ ሁለት ሰው ደገፋቸው።

ፔታያ አልጠየቀም። ወደ ወደቡ የሚወስደውን መንገድ ትቶ ወደ ሆስፒታሉ ታጠፈ። አርባ ሰው ጭኗል፤ አብዛኛው መርከብ ላይ መድረስ አለበት። አሣማ ግልገል በቅርጫት የያዘ አንድ ሰውዬ ብቻ «መርከቤስ?» ብሎ ነበር፤ ዓሣ ሻጯ ዞራ ስታየው ግልገሉም እሱም ዝም አሉ።

ያን ማለዳ ሆስፒታሉ ውስጥ ሁለት እናቶች በአንድ ጊዜ ምጥ ይዟቸው ነርሶቹ ሁሉ እዚያው ናቸው። የተገኘው ለጥቂት ወራት ሊያግዝ ከውጭ የመጣ ቀይ ጢም ያለው ወጣት ሐኪም ነበር፤ ሳሞኛ አይችልም። ቲና ሳሎሜን አልጋ ላይ አስተኛ፤ ሆዳቸውን ነካ፤ ጮኹ። ሐኪሙ ቀና ብሎ ፔታያን በእንግሊዝኛ ጠየቀው።

«ሕመሙ ኮንስታንት ነው?»

 አርባ ሰው በበሩና በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ያያል። ለሠላሳ ዓመት ገደማ በጣቱ ሲያሳይ የኖረው ሰው አፉን ከፈተ።

«ይህን ቃል አላውቀውም። በየትኛው ፊደል ይጀምራል?»

ሐኪሙ ግራ ገባው። «በ‹ሲ›።»

«እንግዲያው አላውቀውም። የእኔ መጽሐፍ ከ‹ዲ› ነው የሚጀምረው።»

 ሐኪሙ ቀስ ብሎ «ሳያቋርጥ ነው ወይ የሚያማቸው ማለቴ ነው» አለ።

ፔታያ ጎንበስ ብሎ በሳሞኛ ጠየቃቸው። ቲና ሳሎሜ ጥርሳቸውን ነክሰው «መጣ ሄድ ይላል። እንደ ሳካዮ ፍሬን ነው በለው» አሉ።

ፔታያ ቀና አለ፤ ቃሉን ያውቀዋል። በጥድፊያ ግን ሦስተኛውን ክፍል ትቶ ሁለተኛው ላይ ረገጠና ተናገረው።

«ይቅርታ፣ ምን?» አለ ሐኪሙ።

ያ የድሮው ሳቅ ከሆነ ቦታ የሚመጣ መሰለው። የሳቀ ግን አልነበረም። በመስኮቱ በኩል አንድ ሰው ጭኑን መታ፤ ላላ፣ ላላ፣ ጠበቅ፣ ላላ። ሌላው ተከተለ። ፔታያም በእጁ የራሱን ጭን መታና፣ አንድ በአንድ «ኢንተርሚተንት» አለ።

የሐኪሙ ፊት በራ። «ኢንተርሚተንት! ጥሩ። ከመቼ ጀምሮ? የት የት ይሰማቸዋል?»

አሁን ቃሎቹ ራሳቸው ይመጡ ጀመር። ከትናንት ከእሑድ ምሳ በኋላ ነው፤ አሣማው ጮማ ነበር። ከቀኝ ጎን አጥንት ሥር ይነሳና ወደ ትከሻ ሬዲዬት ያደርጋል፣ ይሰራጫል ማለት ነው። ማቅለሽለሽ አለ። «ጥንካሬውስ?» ሲለው ፔታያ ትንፋሹን ስቦ «ኤክስክሩሺየቲንግ» አለ፤ ይህን ቃል ለመማር ሁለት ሳምንት ፈጅቶበት ነበር።

«ምን አልከው?» አሉ ቲና ሳሎሜ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ነፍስ የሚያስወጣ ሥቃይ ነው አልኩት።»

«አይበቃም! ሰባት ልጅ ወልጃለሁ፤ ሰባቱም አንድ ላይ ቢመጡ ይህን አያክልም በለው!»

ነገረው። ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ደብተሩ ላይ ቶሎ ቶሎ ጻፈ። የሐሞት ከረጢት ጠጠር ሳይሆን አይቀርም፣ ሳይውል ሳያድር ወደ አፒያ ትልቁ ሆስፒታል መሄድ አለባቸው አለ። ማስታገሻ ወጋቸው። የምትሸኛቸውን ነርስ እስኪያዘጋጁ ድረስ ፔታያን ወደ ጥግ ወሰደው።

«እነዚህን ቃላት የት ነው የተማርካቸው?»

«አውቶቡስ ላይ» አለ ፔታያ።

በሁለተኛው መርከብ ሄዱ። ‹የማዕበል እመቤት› ናት እስከ ወደብ ያደረሰቻቸው። ያን ቀን ዘፈን የመረጠ የለም፤ መዝሙራቸውን አርባው ሰው በአራት ድምፅ ዘመረላቸው፤ ባለ አሣማው ሰውዬ ወፍራሙን ድምፅ ይዞ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቲና ሳሎሜ ከመርከብ ወረዱ፤ ከስተዋል፣ አፋቸው ግን እንደ ነበረ ነው። በእጃቸው ትንሽ ብልቃጥ ይዘዋል። ውስጡ የበቆሎ ፍሬ የሚያካክሉ አምስት ጠጠሮች አሉ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ብልቃጡ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

«ተጠንቀቁ፣ እንዳትሰብሩት፤ የኔ ሥራ ነው!» ይላሉ። ሰሌዳውን አዩ። መምህርት ላኑኦላ በትራቸውን አነሱላቸው። ቃሉን አሉት፤ ዓረፍተ ነገሩን ሠሩ፤ አሸነፉ። ተማሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ሊያቃስቱ አፋቸውን ሲከፍቱ «ዛሬ እነሱ ይምረጡ» አሉ። ከዚያ እስከ ቫይሶሎ ድረስ ድንጋይ የሚያስጨፍር ሙዚቃ ተጫወተ፤ አሮጊቷም ብልቃጣቸውን በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ጨፈሩ።

ወሬው ደሴቱን ዞረ። ከዚያ ወዲያ ፈረንጅ ሲሳፈር ፔታያ ጣቱን አላነሳም። «ወዴት ነው ጉዞው? ሰሌዳውን አንብብ፤ አለበለዚያ ቆመህ ትሄዳለህ» ይል ጀመር፤ እንግሊዞች ራሳቸው የማያውቁት ቃል የተጻፈ ቀን ደግሞ ደስታው ወሰን አልነበረውም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሳካዮ ወደብ ላይ ከአውቶቡሱ ወርዶ በእግሩ መጣ። ይህ ሆኖ አያውቅም። ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል።

«ፔታያ» አለ። ስሙን ሲጠራው ከልጅነት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። «ልጄን ልድር ነው።»

«ሰማሁ። እንኳን ደስ አለህ።»

«የሙሽራው ቤተሰብ ከአውስትራሊያ ነው የሚመጡት። አማቾቼ ፈረንጆች ናቸው። በእንግሊዝኛ ንግግር አድርግ አሉኝ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ቃል ፈልግልኝ። ስለ ሙሽራዋ። ትልቅ የሆነ። ከ‹ቆንጆ› የሚበልጥ።»

ፔታያ ሊመልስለት የሚችለው ነገር ብዙ ነበር፤ ብዙ ዓመት ሲያጠራቅመው ኖሯል። ሰውየውን አየው፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። እሱ ራሱ ጎደሬ ተሸክሞ መምህርት ላኑኦላ ደጃፍ ላይ የቆመበት ምሽት ትዝ አለው።

«አለኝ» አለው። «‹ሪስፕሌንደንት›። እንደ ፀሐይ ዙሪያዋን የምታበራ ማለት ነው። ግን በነጻ አይሰጥም። ነገ ማለዳ እንደ ሰው ተሳፍረህ ትማራለህ።»

«በአንተ አውቶቡስ?!»

«በእኔ አውቶቡስ።»

በማግስቱ የሳካዮን አውቶቡስ ወንድሙ ነዳ። ሳካዮ ከቫይሶሎ መገንጠያ ላይ ቆሞ ሲታይ ‹የማዕበል እመቤት› ውስጥ የተነሳው ጩኸት ዓሣ ያስፈራ ነበር። በሩ ላይ ወጣ። ሰሌዳውን አየ። «ሌሴፔ...» ብሎ ጀመረ፤ ተዋጠበት። እንደገና ጀመረ፤ ምላሱ ተጠላለፈ። መምህርት ላኑኦላ ወለሉን መቱ። የሳቀም ነበር፤ ራሱ ሳካዮም ይስቅ ነበር፤ ቢሆንም አርባው ሰው ጭኑን እየመታ አብሮት ይለዋል፤ ላላ፣ ጠበቅ፣ ላላ። በስድስተኛው «ሪስፕሌንደንት!» ሲል ጣሪያው በእልልታ ሊነሳ ደረሰ።

«ቁጭ በል» አለው ፔታያ፤ ቦታ ስላልነበረ የተቀመጠው ባለ አሣማው ሰውዬ ጭን ላይ ነው።

ሠርጉ ላይ ፔታያና ፉአቲኖ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ሳካዮ ተነስቶ ሙሽራዋን ‹ሪስፕሌንደንት› አላት፤ አንዲት ስሕተት አልነበረበትም። ከአውስትራሊያ የመጡት አማቾች አጨበጨቡ። ይህን ጊዜ ቃሉ በጣም ጣመው። ሚስቱንም ሪስፕሌንደንት አላት። አማቱንም አላቸው። በኮኮናት ቅጠል ላይ የተጋደመውን የተጠበሰ አሣማ አላት። ንግግሩ ሃያ ደቂቃ አልፎ፣ ፍሬኗን ገና ስላሳደሰላት አውቶቡሱ ማውራት ሲጀምር፣ ፉአቲኖ ወደ ባሏ ጆሮ ጠጋ ብላ፦

«የሚያስቆም ቃል የለህም?» አለችው።